ሳይነኩ የደነገጡት አይጦች

አይጥ በጣም ሲፈራ አይሮጥም። ባለበት ክው ብሎ ይቀራል። ጢሙ አይነቃነቅም፣ ጭራው አይነቃነቅም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ የሚለው ጎኑ ብቻ ነው። ይህን የማታውቁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ እኔም እንጀራዬ ባይሆን ኖሮ ላውቀው ባልፈለግሁ ነበር። በዚያን ዘመን ቀኑን ሙሉ የምሠራው አይጦች ለምን ያህል ጊዜ ክው ብለው እንደሚቆዩ መለካት ነበር።

ነገሩ የሆነው ቶሮንቶ ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥርን ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ፣ በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር በተቆለለበት የየካቲት ወር። የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ፍርሃትና ጭንቀት አንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ አጠና ነበር። ዘመድ ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «የአእምሮ ጤና» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን አይጦቹን አላነሳም። ካናዳ ድረስ ሄዶ አይጥ ይጠብቃል መባልን አልፈለግሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። አይጡን ሳጥን ውስጥ ታስገቡና ድምፅ ታሰሙታላችሁ፤ ድምፁ ሊያበቃ ሲል ወለሉ እግሩን በቀላል ኤሌክትሪክ ነዘር ያደርገዋል። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ፣ በኋላ ኤሌክትሪኩ ባይኖርም ድምፁን ሲሰማ ክው ይላል። ተምሯል ማለት ነው። አንጎሉ ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ትምህርቱ በዋናነት የሚያዘው እዚያ ነው። የእኔ ጥያቄ አንድ መድኃኒት ይህን የተማሩትን ፍርሃት ያለዝበው እንደሆነ ነበር። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ድምፁን ብቻ ሰምተው ኤሌክትሪክ ጨርሶ ያልነካቸው ሌሎች አይጦች አሉ። እነሱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ ሥራቸው መዞር፣ ማሽተትና ፊታቸውን ማጠብ ነው። የሚፈሩበት ምክንያት የለማ።

የምንኖረው ሴንት ጄምስ ታውን፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ህሊና የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ገና ወር አልሞላትም። ሊያርሷት እናቷ እትዬ ዘነበች ከኢትዮጵያ መጥተው መኝታ ቤቱን ከእሷና ከሕፃኗ ጋር ያዙ፤ እኔ ወደ ሶፋው ተዛወርኩ። እንቅልፍ ማጣቱ ይሁን የጥናቱ ሐሳብ፣ ግማሽ ጎን ራሴን የሚያመኝ በሽታ ጀመረኝ። እትዬ ዘነበች ይህን አይተው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። በየጠዋቱ ልወጣ ስል በር ላይ ይይዙኝና ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ቅባት በጣታቸው ጫፍ እያወጡ ጆሮ ግንዴን ግራና ቀኝ ቀባ ያደርጉኛል። ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽታን በተመለከተ በጣም ጠንቃቃ ሰው ነበርኩ። እዚህ አገር ስመጣ ቀድመውኝ የገቡ ሰዎች መጀመሪያ የመከሩኝ ስለ ባንክ ወይም ስለ ባቡር አልነበረም፤ ካፖርትህን ወጥ በሚሠራበት አካባቢ እንዳትሰቅል ነው ያሉኝ። ምክሩን እንደ ሕግ ያዝኩት። ካፖርቴን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ በረንዳ ላይ አሳድራለሁ። አሳንሰር ውስጥ ሰው አፍንጫውን ካሸ እኔን ነው ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻው ፈተና ተጀመረ። መጀመሪያ የማስገባቸው ምንም ያልነካቸውን አይጦች ነበር። አንዱን አስገብቼ ከሳጥኑ አጠገብ ሆኜ ድምፁን ልከፍት ስል ክው ብሎ ቀረ። ድምፁን ገና አልሰማም። ሁለተኛውን አስገባሁ፤ ያው። ሦስተኛው ጥግ ሄዶ ተለጠፈና እዚያው ደረቀ።

በሚቀጥለው ክፍል ያለው ስክሪን ላይ ሁሉንም የምታየው ማርጋሬት ነበረች። የጥናቱ ኃላፊ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ፍርሃትን ያጠናች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት። በአማርኛ ቢሆን አንቱ የምላት ናት፤ እዚህ ግን በስሟ ነው የምንጠራት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ዳዊት፣ እነዚህ ኤሌክትሪክ ያልነካቸው ናቸው?»

«አዎ።»

«ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለውብህ አይሆንም?»

«አልተቀላቀሉም።»

«አያያዝህስ? ያስደነገጣቸው ነገር የለም?»

«የለም። ሰሞኑን ትንሽ ቁጡ ሆነዋል፤ የክረምቱ ደረቅ አየር መስሎኝ ነበር።»

ቀረብ ብላ ሳጥኑን አየች። ከዚያ «ነገ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ እንነጋገር» አለችኝ። «እስከዚያ ምክንያቱን ካላገኘን ጥናቱን አቆማለሁ። አንተ እዚህ የመቀጠልህንም ጉዳይ ማንሳት ይኖርብናል።»

ይህን የተናገረችው እንደ አየር ሁኔታ ዜና በለሰለሰ ድምፅ ነው። ትርጉሙ ግን ግልጽ ነበር። ወይ አይጦቹን አቀላቅዬ ያልተፈቀደውን ኤሌክትሪክ አስነክቻቸዋለሁ፣ ወይ በእጄ አሠቃይቻቸዋለሁ። በሁለቱም ላብራቶሪው ይሸኘኛል። ከላብራቶሪው ከወጣሁ ካናዳ የምኖርበት የተማሪነት ፈቃዴ ይወድቃል፤ ከእሱ ጋር እኔ፣ ህሊናና ገና አንገቷን ያላቀናች ልጃችን። ፈራሁ። አፌ ደረቀ፣ እጄ ቀዘቀዘ። የአይጥ ቢሆን እመዘግበው ነበር።

ቤቲን ጠራኋት። ቤቲ የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ናት። ወላጆቿ ሐበሾች ናቸው፤ እሷ ግን ፍሌሚንግደን ፓርክ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ አንተ ትላለች። ሥራዋን ግን ጠንቅቃ ታውቃለች።

ሳጥኑን በአልኮል ወለወልነው። ኤሌክትሪክ ያፈስ እንደሆነ ወለሉን ለካነው፤ ምንም የለም። መብራቱን ቀየርን። ከመደርደሪያው ሳጥን አይተው የማያውቁ አዳዲስ አይጦች አውጥተን አስገባን። እነሱም ክው አሉ።

«ዛትስ ዊርድ» አለች ቤቲ። «እነዚህ እኮ ምንም አልሆኑም።»

ስልኬ ጮኸና ወጣሁ። ህሊና ነበረች፤ ስመለስ ዳይፐር እንድገዛ። ስመጣ በስክሪኑ በኩል አለፍኩ፤ አየሁና ቆምኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አይጥ ይዞራል። ግድግዳውን ያሸታል፣ በኋላ እግሩ ቆሞ ጣሪያውን ያያል፣ ተቀምጦ ፊቱን ያጥባል። ቤቲ አጠገቡ ቆማ ስልኳን ትነካካለች።

በሩን ከፍቼ ገባሁ። አይጡ ቆመ።

«ውጣ እስቲ» አለችኝ ቤቲ።

ወጣሁ። በስክሪኑ አየሁት፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ እግሩን አነሳ፣ ከዚያ መሄድ ጀመረ። ገባሁ፤ ቆመ። ሌላ አይጥ ቀየርን፤ ያው ነው። ሳጥኑም፣ ድምፁም፣ ኤሌክትሪኩም አይደለም። የሚፈሩት እኔን ነው።

ይህ እንዴት እንደተሰማኝ በትክክል ልንገራችሁ፤ ከፋኝ። በእጄ እያላመድኩ፣ በስማቸው ባይሆንም በጭራቸው ምልክት እየለየሁ ያሳደግኋቸው ናቸው። የዋህ እጅ አለው እየተባልኩ የምመሰገን ሰው ነበርኩ።

ቤቲ ጓንቷን አወለቀችና መልሳ አጠለቀች። «ዳዊት፣ አንድ ነገር ልበልህ? ኦፌንድ እንዳትሆን።»

«በይ።»

«ስሜል አለህ።»

«ምን?»

«ላይክ፣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ባድ አይደለም። ግን ስትሮንግ ነው። አኒማል አኒማል ይላል።»

ፊቴ እሳት ሆነ። ያንን ሁሉ ጊዜ ካፖርት በከረጢት ያሳደርኩ ሰው ነኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሃው? ሐበሻ ሆኜ አንተን ትሸታለህ ልበልህ? ሃይስኩል እያለሁ እኔን ምን ይሉኝ እንደነበር ታውቃለህ? በላንች ቦክሴ ነው የሚጀምሩት። አልቻልኩም፤ አይም ሶሪ።»

እጄ ሳላዘው ወደ ጆሮ ግንዴ ሄደ። ጣቴን አሸተትኩ፤ ለእኔ ምንም አይሸትም። አፍንጫ የለመደውን ነገር መንገር ይተዋል። ጣቴን ለቤቲ አቀረብኩላት። «ዛትስ ኢት» አለችና ራቅ አለች።

ዝባድ። እትዬ ዘነበች በመጀመሪያው ቀን ስሙን ነግረውኛል። ዝባድ ደግሞ ከጥርኝ እንደሚገኝ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ በጂኦግራፊ ተምሬአለሁ፤ ወደ ውጭ ከምንልካቸው ዕቃዎች ጋር፣ ከቡናና ከቆዳ ቀጥሎ ሸምድጄው ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን አንጎሌ ውስጥ ጂኦግራፊ ጋ ተቀምጦ ቀረ፤ ከእናት መድኃኒት ጋርም ከአይጥ ጋርም ተገናኝቶ አያውቅም። ጥርኝ በጨለማ የሚያድን አውሬ ነው፤ ከሚበላቸው ነገሮች አንዱ አይጥ ነው። እኔ በየጠዋቱ አውሬውን ጆሮ ግንዴ ላይ ይዤ እጓጓዝ ነበር።

አንድ ነገር ላስረዳ። ፍርሃት የምንማረው አለ፣ ይዘነው የምንወለደው አለ። እነዚህ አይጦች፣ እናቶቻቸው፣ የእናቶቻቸው እናቶች በሙሉ የተወለዱት ሰማይ በማይታይበት ክፍል ውስጥ ነው። ጥርኝ አይተው አያውቁም። ሆኖም ገና ሳይወለዱ አንድ ሽታ አደጋ መሆኑ ተነግሯቸዋል።

«አሁን ምን ትላታለህ?» አለችኝ ቤቲ። ማርጋሬትን ማለቷ ነው። «ሊስን፣ ላይ ያለው ፎቅ ኮንስትራክሽን ነው። ሰሞኑን ድሪል ሲያደርጉ ነበር። ኖይዙ ነው በላት። ታጠብ፣ ሪፒት አድርገው፣ ዳን።»

እውነት ለመናገር ሐሳቡ ጣመኝ። የድሪሉ ድምፅ እውነት ነበር፤ ማንም ይሰማዋል። ሌላኛው መንገድ ግን ይህ ነው፦ ዕድሜዋን በሳይንስ ያሳለፈች ሴት ፊት ቆሜ፣ የአማቴ ስጦታ ነው ብዬ ከአውሬ ቂጥ የሚጠረግ ቅባት ራሴን ስቀባ ነው የከረምኩት ልል ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የምታወቀው በዚህ ነው።

የምድር ባቡሩ ላይ ሰው አጠገቤ እንዳይቀመጥ ጥግ ይዤ ቆሜ ሄድኩ። ዳይፐሩን ገዝቼ ገባሁ። ህሊናና ልጃችን ተኝተዋል። እትዬ ዘነበች የሕፃን ልብስ ያጣጥፋሉ።

«እትዬ፣ ያ ዝባድ ከየት ነው ያመጡት?»

«ወንድሜ ነው የሰጠኝ፤ ሊሙ። እስከ ዛሬ ጥርኝ ያረባል። የአባታችን ሥራ ነው። ምነው፣ ራስህ ተመለሰብህ እንዴ?»

«የለም፣ ደህና ነኝ። እንዴት ነው የሚያወጡት?»

«ወንድ ወንዱን ለየብቻ በእንጨት ቤት ይዘጉታል። ያበሉታል፣ ጭስ ያሞቁታል። ከዚያ ከኋላው በቀንድ ማንኪያ ይጠርጉታል። አውሬው መች ይወዳል፤ ይጮኻል። ሲቆጣና ሲፈራ ብዙ ይሰጣል ይሉ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ጩኸት ስሰማ ጆሮዬን እይዝ ነበር።» ልብሱን አስቀመጡና አዩኝ። «ለምን ጠየቅኸኝ?»

ያኔ ነው ሥራዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳቸው። ሳጥኑን፣ ድምፁን፣ ኤሌክትሪኩን። 

«ይጎዳቸዋል?»

«አይጎዳቸውም፤ ቀላል ነው።»

«እንዲፈሩ ብቻ ነው?»

«እንዲፈሩ ነው።»

«እንዲያ ከሆነማ አንተም ጥርኝ አርቢ ነህ በለኛ» አሉና ሳቁ። ለመንካት ብለው አልነበረም፤ በልጅነታቸው የሚያውቁት ሥራ ስለሆነባቸው ነው።

ቀሪውን አልነገርኳቸውም። ለሥራ ስለሚያስፈልገኝ ትንሽ በጥጥ ያድርጉልኝ ብቻ አልኳቸው። «አይጦቹንም ራሳቸውን ያማቸዋል?» እያሉ አደረጉልኝ። ጠዋት ሊቀቡኝ ሲመጡ ቀድሜ ገላዬን ታጥቤ፣ ቸኩያለሁ ብዬ ወጣሁ።

እስከ ላብራቶሪው በር ድረስ ድሪሉን ነው ወይስ ጥጡን የማነሳው የሚለውን አልወሰንኩም ነበር። የወሰነልኝ አንድ ቀላል ሐሳብ ነው። ድሪሉን ብዬ ድኜ ብቀር፣ የአይጦቹ ፍርሃት የመጣው ከድምፅ ነው ተብሎ ጥናቱ ውስጥ ይገባል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ያንን ይዞ ይሠራል። ጀግንነት አይደለም። ሥራዬ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነው፤ አውቄዋለሁ፤ አውቄ ሌላ ነገር መናገር አልሆነልኝም።

ማርጋሬት ቢሮ ገብቼ ያዘጋጀሁት እንግሊዝኛ ጠፋኝ። «ራሴን የምቀባው ነገር አለ» አልኳት። «ከዱር አውሬ ይወጣል። የሚስቴ እናት ለራስ ምታት ነው የሰጡኝ። አይጦቹ የፈሩት እሱን ይመስለኛል።»

ከወንበሯ ተነሳች። «አሳየኝ» አለች።

ቤቲን ጠርተን ሦስታችን ስክሪኑ ጋ ሄድን። ቤቲ ገብታ ከነዚያው አይጦች አንዱን ሳጥኑ ውስጥ አደረገችና ንጹሕ ጥጥ አስቀመጠችለት። አይጡ ሄዶ አሸተተው፣ በጥርሱ ጎተት አደረገው፣ ተወው። ከዚያ ንጹሑን አንስታ የእኔን አስገባች። አይጡ ጥቂት እርምጃ ቀረበ። አፍንጫው አንዴ ተንቀጠቀጠ። ወደ ኋላ ሄደ፣ ጥግ ደረሰ፣ ደረቀ። ሌላም ሞከረች፤ እንደዚያው።

ማርጋሬት የተረፈውን ጥጥ ከእጄ ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ሆነ፤ አንገቷ ድረስ ቀላች።

«ይሄንን ሽታ አውቀዋለሁ» አለች። «ቢሮዬ በገባህ ቁጥር ይሸተኝ ነበር።»

«ሁለቱንም ሳምንት?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የባህላችሁ ወይም የእምነታችሁ ነገር መሰለኝ። ልጅ ወልዳችኋል፤ ምናልባት ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው አልኩ። ብጠይቅህ እንዳትቀየመኝ...» አረፍተ ነገሩን ለመጨረስ ቃል ፈለገች። «ፈራሁ» አለች።

ቤቲ ወለሉን አየች። ማናችንም አልሳቅንም።

እኔ ተረፍኩ። ማርጋሬት ያን ዕለት «አንተ ትቀጥላለህ» አለችኝ፤ ቀጠልኩም፤ በኋላ የመመረቂያ ጥናቴ ይዘውት ወደሚወለዱት ፍርሃት ዞረ። አይጦቹ ግን አልሆነላቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲፈሩ የከረሙ አይጦች ለዚያ ጥናት አይረቡም፤ ሕጉ ደግሞ ለሌላ ጥናት አይፈቅዳቸውም። ሰኞ ጠዋት በጋዝ ወደሚገደሉበት ክፍል የወሰድናቸው እኔና ቤቲ ነን። ዝባዱን ካቆምኩ ቀናት አልፈው ነበር። ቤታቸውን ስከፍት አልደረቁም። እጄ ላይ ወጡ፣ እጅጌዬን አሸተቱ፣ አንዱ ክርኔ ድረስ ሄደ። አዘንኩ። ብዙ አይጥ በእጄ አልፏል፤ እንደዚያ ቀን ግን አዝኜ አላውቅም።

እናንተ የምታነቡ፣ ይህን የጻፍኩት ከዚያ ወዲህ ደፋር ሆኜአለሁ ለማለት አይደለም። ካፖርቴን አሁንም በረንዳ ላይ አሳድራለሁ። የተለወጠው ይሄ ነው፦ ዛሬ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ጭንቀት ከሚያስቸግራቸው ሰዎች ጋር እሠራለሁ፤ አንድ ሰው ፊቴ ሲቀመጥ የማልለው ነገር ካለ፣ ዝም ያልኩት ለእሱ አዝኜ ነው ወይስ ለራሴ ፈርቼ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ለራሴ ነው። ጨዋነት ብለን የምንጠራው ብዙ ነገር ውስጡ ሲታይ በዚያ ሳጥን ጥግ ያየሁት ክው ማለት ነው፤ ያኔ የተማርኩትም ይህንን ነው። ራስ ምታቱ ደግሞ በዝባዱ በእውነት ለቆኝ ነበር፤ ለዚህ ማብራሪያ የለኝም።

ያን ሰኞ እራት ላይ ለእትዬ ዘነበች ሁሉንም ነገርኳቸው። ህሊና በዓይኗ ተው ትለኛለች፤ አልተውኩም። አይጦቹን ያስፈራቸው ዝባዱ መሆኑን፣ ጥፋቱ የእሳቸው አለመሆኑን፣ ጠዋት አይጦቹን ወዴት እንደወሰድናቸው፣ ከእንግዲህ እንዳይቀቡኝ። ከፋቸው። እጃቸውን ከትሪው አነሱ። 

«ሰዎቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሸታቸው ነበር?»

«አዎ።»

«አንዳቸውም አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም። ያወቅሁት ከአይጦቹ ነው።»

«እና» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «የነገሩህን ገደላችኋቸው?»

አዎ አልኳቸው።